የዓሣው ጉበት ስለ በረዶ ያለው

ራይሞ፣ የሄልሲንኪ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? ጃንጥላህ ደረቀ? እዚህ ኩሳሞ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። የቀረን በረዶው መቼ እንደሚጥል ማወቅ ነው። ትናንት አጎቴ ኦይቫ እንደየዓመቱ ትልቅ ዓሣ ቀዶ ጉበቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና አነበበው።

"የጉበቱ የፊት ጫፍ ስስ ነው። በረዶው ይዘገያል" አለ።

"አምናም ስስ ነው ብለህ ጀልባህ ሐይቁ ውስጥ በረዶ ይዟት ከረመች" አለችው ሚስቱ ሄልቪ።

"አምና ዓሣው ታሞ ነበር።"

"ታሞ የነበረው ዓሣው ነው ወይስ አንባቢው?"

እነሱ ሲነታረኩ ድመቷ ጉበቱን ላፍ አድርጋ ዋጠችው። ከዚያ ምድጃው ላይ ወጣችና ጅራቷን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ተኛች፤ ድመት እንዲህ ስትተኛ ብርዱ ደረሰ ይባላል። ኦይቫ ቆሞ አያት። ከዚያ ቦቲውን አጥልቆ ጀልባውን ከሐይቁ ሊጎትት ወጣ፤ ሄልቪም ገመዱን ይዛ ተከተለችው።

አንተ ደግሞ በየዓመቱ የበረዶ ጎማ የምትቀይረው መኪናህ ቦይ ከገባች በኋላ ነው። ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ። ስትመጣ ጎማህን ቀይረህ ና። ድመቷ እስካሁን ከምድጃው አልወረደችም።

ቬሳ