ቅዳሜ ግንቦት 23 በሩ ከውጭ እንዲቆለፍብኝ

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ቦንሳ ጉርሜሳ
የምሥራቅ ቀጣና መረጃ አገልግሎት ድርጅት
የጭሮ ቅርንጫፍ ኃላፊ
ጭሮ

ጉዳዩ፦ ለማስተርስ የመጨረሻ ፈተና የሰርቨር ክፍሉ ለግማሽ ቀን እንዲፈቀድልኝ እና በሩም ከውጭ እንዲቆለፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ረዲያ ሳቢር በሚመሩት ቅርንጫፍ በሲስተም ባለሙያነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። መዋቅሩ ላይ ሦስት ባለሙያ ይላል፤ ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። አቤቱታዬን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. በውጭ አገር ከሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በኦንላይን መከታተል ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትምህርቱ የመማሪያ ክፍል የለውም፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያስተምር መምህርም የለውም። ተማሪው ሲመቸው ያነባል፣ ሲመቸው ይሠራል፣ ተዘጋጅቻለሁ ባለ ቀን ይፈተናል። ስመዘገብ ይህ «በራስ ጊዜ» የሚሉት ነገር ትልቅ ነፃነት መስሎኝ ነበር። ተሸውጃለሁ። ገደብ የሌለው ይመስላል እንጂ አለው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ያልጨረሰ ተማሪ እስከዚያ ያለፈው ሁሉ ይሰረዝበታል። የእኔ አምስት ዓመት በዚህ ሰኔ መጨረሻ ይሞላል። የቀረኝ አንድ ፈተና ብቻ ነው።

2. በራሴ ጊዜ እንደምማር የሰማ ሰው ሁሉ ጊዜዬን ትርፍ ነገር አደረገው። አማቴ እማማ ሀኒፋ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያንቺ ትምህርት መች ይሸሻል፣ ነገ ትደርሽበታለሽ» ይሉኛል፤ ክፋት የለባቸውም። ባለቤቴ መስዑድ ጫት ነጋዴ ነው። መኪናው በሰዓቱ ካልወጣ ጫቱ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ የእሱ ሥራ ሰዓት አለው፣ የእኔ ግን የለውም። እርስዎም ባለፈው መስከረም የጥናት ፈቃድ ስጠይቅዎ «ረዲያ፣ በራስሽ ጊዜ የምትማሪው ከሆነ መሥሪያ ቤቱን ምን አገባው?» አሉኝ። ልክ ነዎት ብዬ ወጣሁ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የቦኬ ጣቢያ ሲስተም ቆሟል ተብሎ ተደወለልኝ። ቅዳሜ ገለምሶ ይቆማል፣ እሑድ ደግሞ ሌላው። የራሴ የተባለው ጊዜ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

3. ፈተናውን የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን የላፕቶፑ ካሜራ ነው። ተፈታኙ ክፍል ውስጥ ብቻውን መሆን አለበት። ዓይኑን ከስክሪኑ ማንሳት፣ ድምፅ ማውጣትና ስልክ መንካት ክልክል ነው። ሌላ ሰው ከታየ ፈተናው ወዲያው ይቋረጣል። ይህን አክብሬ ባለፈው መጋቢት እማማ ሀኒፋን ወደ ዘመድ ቤት ሸኝቼ በሬን ቀርቅሬ ተቀመጥኩ። ለጎረቤት አልነገርኩም፤ ብነግር ዱዓ ሊያደርጉልኝ ይሰበሰባሉ። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና ያውቁታል፤ በእኛ ሰፈር በቀን መጋረጃ ይወርዳል እንጂ በር አይቀረቀርም። በጠራራ ፀሐይ በሩ የተቀረቀረ ቤት ክፉ ነገር አግኝቶታል ማለት ነው።

ጎረቤቴ ሉባባ ጫማዬን ደጃፍ ላይ አየች። ተጣራች። ሰማኋት፤ ግን መልስ ብሰጥ ፈተናው ይሰረዛል፣ ዝም ካልኩ ደግሞ ሉባባ አትሄድም። ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን ስትሰማ መርዶ እንደሰማ ሰው «ኢናሊላሂ!» ብላ ጮኸች፣ ሴቶቹ ተጠራሩ። በብየዳ ሥራ የሚተዳደረው ጎረቤታችን ኢርሻድ መጥቶ መቀርቀሪያውን ነቅሎ ከፈተው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም፤ ይኸውም የባሰ አስደነገጣቸው። ሉባባ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ የኔ እህት?» እያለች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ካሜራው ሁሉንም አየ። ወዲያው ፈተናው በሌሎች ሰዎች እገዛ ምክንያት መቋረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። እገዛውስ እውነት ነው። ውሃ ረጭተውብኛል፣ ቁርኣን ቀርተውልኛል፣ ማታም ሾርባ አምጥተውልኛል። በማን ልቆጣ? ለዩኒቨርሲቲው ጽፌ አስረዳሁ፤ አንድ ተጨማሪ ዕድል ብቻ ሰጡኝ። ይህም ከተበላሸ ሌላ የለም።

4. ሌላ ቦታ አልፈለገችም እንዳይሉኝ ያየሁትን ልግለጽ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ለአንድ ሰው ብለው አንባቢውን ሁሉ አያስወጡም። ሆቴል ክፍል መያዝ እችል ነበር፤ ነገር ግን ባለትዳር ሴት በቀን ብቻዋን ሆቴል ክፍል ገብታ ዘጋች የሚለው ወሬ ጭሮን አቋርጦ አሰቦት ለመድረስ መኪና አያስፈልገውም። ገለምሶ ያለችው እህቴ ሳጂዳ ቤቷን ፈቅዳልኝ ነበር፤ ቤቷ ግን ከሱቋ ጋር አንድ በር ነው፣ ዘይትና ስኳር ፈላጊ ሁሉ በዚያው ይገባል። ሉባባም የበኩሏን አስባልኛለች፤ በሚቀጥለው ፈተና ሰው እንዳይገባብኝ እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብላ ልትጠብቀኝ ቃል ገብታለች።

5. በዚህ ከተማ ፈተናዬን ልፈተንበት የምችል አንድ ክፍል አውቃለሁ፤ የቅርንጫፋችን የሰርቨር ክፍል ነው። መስመሩ አይቆራረጥም፣ መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተር አለው። ባለፈው ሳምንት በቃል ስጠይቅዎ «ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ተቆልፎብሽ ብትታመሚ ማን ሊጠየቅ ነው?» አሉኝ። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሲስተም ሲበላሽ በዚሁ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሙሉ ቀን ስውል ስለ ጤንነቴ የጠየቀኝ ሰው እንደሌለ በአክብሮት ላስታውስዎ እወዳለሁ። ከውጭ ይቆለፍ ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም። ውስጥ መሆኔ ከታወቀ ይንኳኳል፤ አንዱ የይለፍ ቃሌ ጠፋኝ ይላል፣ ሌላው ፕሪንተሩ አላወጣም ይላል። ከውጭ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበትን በር ግን ሰው የለም ብሎ ሁሉም ይመለሳል።

6. ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ታፍኛለሁ። በመሥሪያ ቤቱ ከእኔ ሌላ ስለሌለ ዝውውርም ፈቃድም የለኝም። ቤት ውስጥ ሁሉም ይወደኛል፣ ስለሚወደኝም ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻዬን አይተወኝም። የምማረው ብዙ ኮምፒውተሮች አንድን ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉና አንዱ ሲደክም ሌላው እንዴት እንደሚሸፍንለት ነው። ያንን ባነበብኩ ቁጥር በኮምፒውተሮቹ እቀናለሁ። በኮምፒውተር የሚቀና ሰው ምን ያህል እንደደከመው ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

7. ስለዚህ ከዓረፋ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የሰርቨር ክፍሉ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ዓረፋ ካለፈ በኋላ ቤቴ በእንግዳ ይሞላል፣ ከዚያም ሰኔ ያልቃል። ቁልፉን የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሽ አብዱናስር ይያዙልኝ፤ አነጋግሬያቸው ተስማምተዋል። ቢያመኝ በሩን እደበድባለሁ፣ ይከፍቱልኛል። ካልደበደብኩ ግን ማንም ቢመጣ፣ እማማ ሀኒፋም ቢሆኑ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና እርስዎም ቢሆኑ፣ እንዳይከፍቱ በጽሑፍ ይዘዙልኝ። በእነዚህ ሦስት ሰዓታት የገለምሶም የቦኬም ሲስተም ቢቆም፣ ቆሞ ይጠብቀኝ። ለሚደርስብኝ የጤና ችግር ኃላፊነቱን ራሴ እንደምወስድ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

እንደማልፍ ቃል አልገባልዎትም። ትምህርቱ ከባድ ነው፣ ያነበብኩትም በተቆራረጠ ጊዜ ነው። በእነዚህ ዓመታት ያቃተኝ ነገር ሁሉ ያቃተኝ በእንግዳ፣ በስልክ ጥሪ፣ በደጅ ጩኸት ነው፤ እውነት አቅሙ ይኑረኝ አይኑረኝ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ አብዱናስር በስድስት ሰዓት ሲከፍቱልኝ ወድቄ ከሆነም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጥያቄው ከብዶኝ ልውደቅ።

መልካም ፈቃድዎን በመጠባበቅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ረዲያ ሳቢር
(ፊርማ)
የሲስተም ባለሙያ