ከአጥርዎ ማዶ ስለቀረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የኢሪባማ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ
በቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ሌሊቱን ሙሉ ያለ ሐሳብ ለሚያስተኛዎ አልጋ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ከዋናው ምድር ተሹመው ከመጡ ወዲህ የደሴታችን እርጥበት ጉልበትዎን እንዳላሳመመው፣ የባሕሩም ድምፅ እንዳልረበሽዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። «እኛ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ፤ ማንን እንደሚጨምር አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ እኔ ደህና ነኝ ብል ይበቃል።

ስሜ ኬዳሞሪ ቺዮ ነው። በደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የሸንኮራ አገዳው እርሻ አልቆ ድንጋዩ በሚጀምርበት ቦታ፣ ከባለቤቴ ከሴይቶኩ ጋር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። እሱ እንግዶቹን ከእርስዎ ዘንድ ተቀብሎ በሚኒባሳችን ያመጣል፤ እኔ አበስላለሁ፣ ፍራሽ አነጥፋለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ የት እንደተኙ ስለማላውቅ፣ ይህኛው ቢያንስ ሰው ፊት እንዲቆም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ የእንግዳ መቀበያ መንገድ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ዝርክርክነት ነበር፣ አልክድም። እንግዳ ተቀባዩ ሁሉ የእንግዶቹን ስም የጻፈበትን ሰሌዳ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ አንዱ የሌላውን እንግዳ ሻንጣ ይጭናል፤ የታክሲ ነጂው የዙኬያማ ውሻ በሰው መሀል ተጋድሞ ይተኛል። እርስዎ ይህን ሁሉ አስወግደው መኪኖቹ ከሩቅ ሜዳ እንዲጠብቁ፣ በመብራት እየተጠሩ አንድ በአንድ በማገጃው ብረት ሥር እንዲያልፉ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር ጭነው መሬት ላይ የተቀባውን ቀስት እየተከተሉ እንዲወጡ አደረጉ። መንገዱ በተከፈተበት ዕለት ሴይቶኩ አንድ ቤተሰብ ጭኖ ቀስቱን ተከተለ። የመኪና አከራዮቹ ትልቅ አውቶቡስም የራሱን ቀስት ተከተለ። ሁለቱም ቀስቶች አዲስ ቀለም የተቀቡ፣ ሁለቱም ያማሩ ነበሩ፤ ጉድለታቸው ፊት ለፊት መተያየታቸው ብቻ ነበር። መኪኖቹ እዚያው ምሰሶው አጠገብ መስታወት ለመስታወት ሊሳሳሙ ሲሉ ቆሙ። በዚያችው ቅጽበት የማገጃው ብረት በሚኒባሳችን ጣሪያ ላይ ወረደ።

ማንም አልተጎዳም። ሠራተኞችዎ ወጥተው የጣሪያውን ጭረት ለኩ፤ በጣም ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ በማግስቱም ከሁለቱ ቀስቶች አንዱ ጠፋ። የትኛው ስህተት እንደነበር እስከ ዛሬ አልተነገረንም፤ ለዚህ ትሕትናዎም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ «ጉዳት አልደረሰም» ስለሚለው መግለጫዎ።

እዚህ ሰው በጣም ሲደነግጥ ነፍሱ ትወድቃለች። ይህ ለእርስዎ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን እንደ ጉንፋን ነው። ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ፣ ዓሣ አጥማጅ ማዕበል ሲገለብጠው፣ ሰውየው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ነፍሱ እዚያው ቦታ ትቀራለች። ይበላል፣ ጨው መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ሲጠሩት ይዞራል፣ ግን ዘግይቶ ነው። ሴይቶኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን ረስቶ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እንግዶች እንዲያመጣ ስልከው ወደብ አጠገብ ባለው አደባባይ ዙሪያ ይዟቸው ዞረ፣ ዞረ። ልጅዋን ይዛ የነበረች አንዲት እንግዳ ስትደርስ እንዲህ አለችኝ፦ «እመቤት፣ ባለቤትዎ እያስጎበኙን ነው ብለን ዝም አልን። ያንኑ የዓሣ መሸጫ ደጋግመን ስናየው ግን ልጄ ማልቀስ ጀመረች።» ሴይቶኩ አጠገባችን ቆሞ እጁን እያየ ነበር። እጁን እንደ ሰው ዕቃ ነበር የሚያየው።

ጎረቤታችን እማማ ካማዶ ነፍስ በመጥራት የታወቁ ናቸው። መጥተው የእጁን አንጓ ይዘው ዓይኑን አዩት። «አንቺ ቺዮ፣» አሉኝ፣ «ይሄ መብራቱን ሳያጠፋ የወጣ ሰው ቤት ነው። ብታንኳኪ ማን ይከፍታል?»

ሦስተኛው ጉዳይ ምስጋና ይሁን አቤቱታ እኔም አልለየሁትም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዙኬያማ መኪናውን ደጃችን አቁሞ በመስኮት ጮኸብኝ። «አንቺ፣ ያን ሽማግሌ በዚህ ፀሐይ ምሰሶ ሥር የምትገትሪው ምን ቢበድልሽ ነው? ሰላም ስለው እንኳ አይመልስም፤ ሀብታም ሆነ እንዴ?» እኔ እጄ ላይ ሳህን ነበር። ሴይቶኩ ከኋላዬ፣ ጓዳው ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ቀጥለው የመጡት አዛውንት ባልና ሚስት በታክሲ ደርሰው፣ በጨዋነት ተቀየሙኝ። ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ የያዘ ሰው ምሰሶው ሥር እንደተቀበላቸው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሏቸው ፊት ፊታቸው እንደሄደ፣ ሻንጣ እየጎተቱ እንደተከተሉትና አጥሩ ጋ ሲደርሱ እነሱ እንደቆሙ፣ እሱ ግን እንዳልቆመ ነገሩኝ። የገለባ ባርኔጣውንና አንገቱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ፎጣ ሳይቀር ነገሩኝ። ፎጣው በዚያ ሰዓት እኔው ያሰጣሁት ገመድ ላይ ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ባለቤቴን ያለ ፈቃዴ ቀጥረውታል ማለት ነው። በእርስዎ ዘንድ አያረፍድም፣ አያጉረመርምም፣ ሲጋራ ልግዛ ብሎ አይጠፋም። ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ወጥቶት አያውቅም። አስተዳደርዎ ከሰው ይህን ያህል ትጋት ማውጣቱን ሳስበው እቀናለሁ። ሌላም ነገር አስባለሁ፤ ማታ ማታ የመጨረሻው አውሮፕላን ሲያርፍ መብራቱን ታጠፋላችሁ። እሱ ምን ያደርግ ይሆን? ይቀመጣል? ምሰሶው አጠገብ መቀመጫ የለም።

አራተኛ፣ ስለ ደንቦችዎ።

የወደቀች ነፍስ ለመውሰድ በወደቀችበት ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል። የሰውየውን ሸሚዝና አንድ ሳህን ሩዝ ይዞ፣ ከዚያው መሬት ጠጠር አንሥቶ፣ በስሙ ጠርቶ፣ ሳይናገሩና ወደ ኋላ ሳይዞሩ ወደ ቤት መሄድ ነው። ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም። ቀደም ሲል የጻፍኩትም ለዚህ ፈቃድ ለመጠየቅ ነበር። ከደብዳቤዎቼ ለአንዱ ቢሮዎ በጣም በሚያምር ወረቀት፣ በመንገዱ ላይ እግረኛ መግባት እንደማይፈቀድ፣ ተሽከርካሪም መቆም እንደማይፈቀድ አብራርቶልኛል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ቆሞም ሆነ ተቀምጦ መገኘት አይቻልም፤ ማለፍ ብቻ ነው የሚቻለው። ይህን ሳነብ ደንቡን የጻፈው ሰው ስለ ሕይወት ብዙ ያሰበ ነው ብዬ አከበርኩት።

በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ጠፍቶ የተገኘ ንብረት ካለ በጠፉ ዕቃዎች መስኮት እንድጠይቅ ተመክሬአለሁ። ምክርዎን አከበርኩ። ከእማማ ካማዶ ጋር ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ትሑት ናት፤ እባክዎ አይቆጧት።

«የጠፋው ምንድን ነው፣ እማማ?»

«የዚህች የቺዮ ባል ነፍስ።»

«ይቅርታ፣ ምን ዓይነት ነው? ቀለሙስ?»

«ያንቺስ ምን ዓይነት ነው?»

ሴትየዋ ሳታስበው ደረቷን ዳሰሰች። «እንጃ። የኔን አይቼው አላውቅም።»

«እንግዲያ አለመጥፋቱን በምን አወቅሽ?»

ሴትየዋ ወደ ኋላ ገብታ መደርደሪያውን ስትፈልግ ቆየች። ጃንጥላዎችን፣ የልጅ ጫማዎችን፣ አንድ የሰው ጥርስ ጭምር ዘርዝራ፣ ከገለጻችን ጋር የሚመሳሰል ነገር እንደሌለ በአዘኔታ ነገረችን። ስንወጣ ግን እጇ ደረቷ ላይ እንደነበረ ነው።

አምስተኛ፣ ስለሚሠሩት የእግር መታጠቢያ ገንዳ።

ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር ለእንግዶች መዝናኛ የሞቀ ውሃ ገንዳ እንደሚሠራና በመጪው ሳምንት ኮንክሪት እንደሚፈስ ማስታወቂያችሁ ላይ አነበብኩ። ሥዕሉ ያምራል። የደከሙ ሰዎች እግራቸውን ነክረው ይስቃሉ። ከሥራቸው ያለው ሰው ግን ሥዕሉ ላይ የለም። ከዚያ በኋላ ጠጠር የሚነሣበት መሬት ስለማይኖር፣ መጠበቅ አልቻልንም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ለመጥራት ወሰንን።

ጥበቃው መጣ። «እማማ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው እኮ።»

«እኔ ቆሜ ነው የምታየው? እነዚህ እግሮች መቆም ከተዉ ቆይተዋል። አጥርህ ነው የያዘኝ።»

ሳቀ፤ ፊቱን አዞረልን። እማማ ካማዶ በዱላቸው በሽቦው ቀዳዳ በኩል ጠጠር ሳቡ። በዚህ መሀል አውሮፕላን አርፎ ኖሮ በእኛና በምሰሶው መካከል ሰው ጎረፈ፤ ሻንጣ፣ ባርኔጣ፣ ልጅ የተሸከመ አባት። እማማ ካማዶ ከሕዝቡ በላይ ተጣሩ፦ «ሴይቶኩ፣ ና፣ ቤት እንሂድ፤ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው።» ክንዴ ላይ ያለው ሸሚዝ ከበደኝ። በርግጥ ከበደኝ። ወደ ኋላ ሳልዞር ሄድኩ።

ቤት ደርሰን ሸሚዙን አለበስኩት። ፊቱ ላይ ደም መጣ። ሩዙን አሟጦ በላ። ከዚያ የመመገቢያ እንጨቶቹን አስተካክሎ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ፦

«እጅዎን ይባርከው፤ እንዲህ የሚጥም ነገር ከበላሁ ቆየሁ። ይህ ከመስኮቱ የሚታየው ባሕር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ሴይቶኩ የተወለደው በዚያ መስኮት ሥር ነው።

እማማ ካማዶ፣ «አልተሳሳትኩም፣ ርቆብኝ ነው» አሉ። «ከሩቅ ሲጠሩ የቀረበው ይመጣል።»

መንገድዎ ሰው ሲያስደነግጥ በባለቤቴ ብቻ አላበቃም ማለት ነው። ይህ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ያንኳኳል። ፍራሹን ያጥፋል፤ ሴይቶኩ ፍራሽ አጥፎ አያውቅም። ደከመኝ ስል ይሰማኛል። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ስለ አንድ አውራ ዶሮ ቀልድ ነግሮኝ ሳቅሁ፤ ከዚያ በባሌ አፍ እንደተነገረኝ ትዝ ሲለኝ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ። አንዳንዴ በእንቅልፉ ሚዶሪ የምትባል ሴት ይጠራል። በሆነ ከተማ ሚዶሪ የምትባል ሴት፣ ከእረፍት የተመለሰ ባልዋ ለምን ዘግይቶ እንደሚዞር እያሰበች ይሆናል። ለእርሷም ነው የምጽፈው፤ ጋዜጣችን እዚያ እንደማይደርስ ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ለአንድ ከሰዓት መንገዱ ይዘጋልንና ከምሰሶው ሥር እንቁም። ይህን እንግዳ ወስጄ እዚያው አስቀምጠዋለሁ፤ ወገኖቹ ሲመጡ ያገኙታል። የእኔን ይዤ እመለሳለሁ። ለባለቤቴ ምትክ ሠራተኛ ማግኘት አስተዳደርዎን እንደማይቸግረው አምናለሁ፤ ነገሩ ከቀጠለ አመልካቹ ብዙ ነው።

በታላቅ አክብሮት፣ ወረቀቶችዎ ሁሉ ያማሩ፣ ቀስቶችዎ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ደጅዎን ለመጥናት ሞክሬ ደጁን ያጣሁ፣

የእርስዎው ታዛዥ
ኬዳሞሪ ቺዮ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ እንግዳው ልብሱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ቦርሳ ይዞ መጣና መኪናው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ሥራው እንደሚጠብቀው ነገረኝ። ዛሬ ቦታ ሞልቷል አልኩት። ነገም እንዲሁ እለዋለሁ፤ ከነገ ወዲያ ግን በእግሩ የሚሄድ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ከቦርሳዬ ሥር የጥፍር መቁረጫዬን ያገኙት ጎበዝ ፈታሾችዎ እባክዎ ልብ ይበሉልኝ። መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ከፊቱ ጋር አንድ ነው፤ በዚህ ብቻ አያሳልፉት። መንገደኛው አገሩ ይግባ፣ መብቱ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የሚያሳፍሩት ገላ ግን የባሌ ነው።