የኦልደን ካውንቲን መንገዶች የጠረጉት የአቶ ዴልበርት ኒሆልም የሕይወት ታሪክ

አቶ ዴልበርት ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው የወንድማቸውን ልጅ ዌንደልን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ቀብሬ ላይ እውነቱ ይነበብልኝ። ሌላው ይቅርብኝ፣ ይህን ብቻ አደራ» አሉት። ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈረው ሁሉ እውነት ለመሆኑ ጸሐፊው ዌንደል ኒሆልም በአስከሬናቸው ፊት ይምላል። አንዲት ቃል ጨምሮ ከሆነ ምላሱ ይቆረጥ።

አቶ ዴልበርት ከአባታቸው ከአቶ አልቪን ኒሆልምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንጋ በሰኔ 1941 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ በኦልደን ካውንቲ ተወለዱ። ሲወለዱ ሰባት ኪሎ ይመዝኑ ነበር፤ የተመዘኑት በስንዴ ሚዛን ስለሆነ ስሕተት የለውም። ባለ አንድ ክፍል በሆነው የገጠር ትምህርት ቤት ተምረው ስምንተኛን አንደኛ ወጥተው ጨርሰዋል። በዚያ ዓመት ሌላ የስምንተኛ ተማሪ አለመኖሩ የእሳቸው ጥፋት አይደለም።

በ1963 በካውንቲው ጠጠር መንገድ የሚያስተካክልና በረዶ የሚጠርግ ግሬደር ሾፌር ሆነው ተቀጠሩ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ያስተካከሉት የጠጠር መንገድ ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም ዓለምን አሥራ ሁለት ጊዜ ይዞራል። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣታቸውን አንሥተው ሰላምታ ሳይሰጡ አያልፉም፤ ላምም ብትሆን። በ1966 ከወይዘሮ ቨርና ሳተር ጋር ጋብቻ መሥርተው ጃኒስንና ካርልን አፍርተዋል።

ሆኖም አቶ ዴልበርትን ያስከበራቸው የየካቲት 1979 ሥራቸው ነው። ወይዘሮ አርሊስ ባከን ከከተማው አሥራ አንድ ማይል ርቆ ከሚገኘው እርሻቸው ምጥ እንደያዛቸው ለካውንቲው መንገድ ቢሮ ደውለው ሳይጨርሱ ስልኩ ተቋረጠ። የበረዶው ውሽንፍር ሦስት ቀን አላባራም፤ ክምሩ የእህል ጎተራውን አናት አልፎ ነበር።

አለቃቸው «አብደሃል እንዴ ዴልበርት? አፍንጫህን እንኳ አታይም እኮ!» ቢሏቸው «አፍንጫዬ ምን ያደርግልኛል? መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው ግሬደሩን አስነሡ። በረዶውን እንደ ቅቤ እየቆረጡ፣ የተፋጠጣቸውንም ተኩላ በጩኸት አባርረው ደረሱ። ወላዷን አሳፍረው ወደ ሆስፒታል ሲበሩ ሕፃኗ እዚያው ግሬደሩ ላይ በእጃቸው ተወለደች። በስማቸውም ዴላ ተባለች። ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አቶ ዴልበርት ጆሯቸው ይቀላና «ኧረ ተዉ፣ እንዲያ አይደለም» ይሉ ነበር። ሰውም «አይ ትሕትና!» እያለ ይበልጥ ያደንቃቸዋል።

በ2001 ጡረታ ሲወጡ ግሬደሩን የተረከበችው ያቺው ዴላ ናት። ባለቤታቸውን በ2015 በሞት ያጡት አቶ ዴልበርት ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2024 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። የሁለት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ተራ እየገቡ ላስታመሟቸው ጎረቤቶች ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ዌንደል ምስክር እንዲሆኑለት ብሎ ለወይዘሮ አርሊስ አነበበላቸው። የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ እመቤት እስከ መጨረሻው ሰምተው የሚሠሩትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል የኔ ልጅ። ግን እንዲህ አልነበረም እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«የቱ ነው ያልነበረው፣ እትዬ አርሊስ?»

«ሁሉም። ዴልበርት እደጃችን ሲደርስ ግሬደሩን ቦይ ውስጥ ከተተው። በጀርባው አዝሎ ያስገባው ባለቤቴ ነው፤ ጣቶቹ እንጨት ሆነው ነበር። ዴላን የተገላገልኳት እዚያው መኝታ ቤቴ ነው። ዴልበርት ዓይኑን ጨፍኖ ባትሪ ያዘልኝ። ጨፍኖም አልቻለም፤ ተዘረረ። ሁለት ቀን ሾርባ ስናጠጣው ሰነበትን።»

«ተኩላውስ?»

«የኛ ውሻ ነው።»

«ታዲያ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም ይላሉ?»

«ዴልበርት መች ዝም አለ? እንዲያ አይደለም እያለ አልሰማችሁትም እንጂ። እኔም ብናገር ያው ትሕትና ልትሉት።» ሹራባቸውን መልሰው አነሡ። «ከዚያች ቀን በኋላ ግን በረዶ በጣለ ቁጥር የከተማውን መንገድ ሳይነካ በፊት የኛን መግቢያ ይጠርግ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ፣ ሃያ ሁለት ክረምት። አንድ ቀን እንኳ በር አንኳኩቶ አመስግኑኝ አላለም። ጠርጎ፣ ጣቱን ለመስኮቱ አንሥቶ ይሄዳል። እኔ የማመሰግነው ለዚህ ነው። እሱን ጻፍለት።»

ይኸው ተጽፏል፤ አደራውም ተነብቧል። ዛሬ ጠዋት ዴላ የከተማውን መንገድ ሳትነካ በፊት ወደዚህ መቃብር የሚወስደውን ጠርጋለች። የአቶ ዴልበርትንም ነፍስ አምላክ በተጠረገ መንገድ ይቀበልልን።