ልጄን በጥያቄ ላሳደጉልኝ ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩት የአመራርና የሥነ ምግባር ማሰልጠኛ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ጉሮሮዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ልጄ ከሥራ ስትመለስ የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ ይዛዎት ስለምትቆይና በእኔና በእሷ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ በመሆኑ ድምፅዎ አንዳንዴ ሲሻክር ስለምሰማ፣ በእኛ ቤት ምክንያት እንዳይታመሙብኝ ሰግቼ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ፊደልን ከልጄ ደብተር ላይ ተሻምቼ የለየሁ፣ ከዚያ ወዲህም እጄ የገባውን ሁሉ የማነብ ሴት ነኝ። የልጄን ታሪክ ያሰፈሩበትን መጽሐፍዎንም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት እናቷ የምትነሣበትን ገጽ ዘልዬው እንዳይሆን ብዬ ነው።

በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። ቢሮዎ መጥቼ ብናገር፣ እንደ ልማድዎ በመልስ ፈንታ ጥያቄ ይመልሱልኛል፤ እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ማንም በማያቋርጠኝ ቦታ በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩. ስለ ቤታችን መሠልጠን። ልጄ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ኃላፊ ናት። ከእርስዎ ዘንድ መሰልጠን ከጀመረች ወዲህ ድሮ «እማዬ፣ ጨው በዝቷል» ትለኝ የነበረችው ልጅ፣ ማንኪያዋን በቀስታ አስቀምጣ «እማዬ፣ ገንቢ አስተያየት ልስጥሽ?» ትለኛለች። ድሮ ስንጣላ በር ዘግታ ታለቅስ ነበር፤ እኔም በሩ ሥር ቆሜ «ነይ ውጪ፣ አንቺ ቂል!» እያልኩ አስቃት ነበር። አሁን «ስሜቴን ለማስተናገድ ጊዜ ስጪኝ» ትለኛለች። እሰጣታለሁ፤ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል። አንድ ቀንም መርፌ በከንፈሬ ይዤ ሳለሁ «እማዬ፣ የሕይወት ዓላማሽ ምንድን ነው?» አለችኝ። መርፌውን አውጥቼ «ይህን ኮሌታ መጨረስ» ብላት ከት ብላ ሳቀች። እውነተኛው መልስ ፊቴ ቆሞ እየሳቀብኝ እንዴት ብዬ ልንገራት?

፪. ስለ ዝምታ። ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጇ ምርመራ ያላለፈ ውኃ ለገበያ እንዲወጣ ፊርማዋን በጠየቃት ቀን፣ ልጄ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነበር። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ወደ እኔ! ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ የቁልፎቼን ቆርቆሮ እያንኳኳች ነገረችኝ። እኔም «ዝም በይ ልጄ፤ ፋብሪካው የአባትሽ አይደለ! ፈርሚና ቤትሽ ግቢ» አልኳት። ይህ ቃል ለቤታችን እንግዳ አይደለም። የግንባታ ተቆጣጣሪ የነበረው አባቷ ስለ አንድ ደካማ ምሰሶ ሊናገር በተነሣ ጊዜ ለእሱም ብዬው ነበር፤ እሺ ብሎኝ፣ እስኪሞት ድረስ በዚያ ሕንፃ በኩል ላለማለፍ መንገድ ሲያዞር ኖረ። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፤ እኔ አንገቴን ሰብሬ ነው የማልፈው።

ልጄ ግን ከእኔ ተነሥታ ለእርስዎ ደወለች። እርስዎም «ነገ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆሚ ማንን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቋት። አልፈረመችም። ውኃው ተደፋ፤ ሥራ አስኪያጁ ከቦታው ተነሣ፤ እሷ የክፍሏ ኃላፊ ሆና ተሾመች። ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲያው ግን ሳስበው ጥያቄው ያን ያህል ከባድ አልነበረም። መስታወት እኮ እኛም ቤት አለ።

፫. ስለ ወንበሩ። በምረቃው ዕለት እያንዳንዱ ተመራቂ ለዚህ ያበቃውን ሰው ጠርቶ ከጎኑ ባለው ባዶ ወንበር ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝዎ ግሩም ሐሳብ ነበር። ልጄ የድምፅ ማጉያውን ይዛ «ዝም በይ ያሉኝ የሚወዱኝ ሰዎች ነበሩ» ስትል አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰዎቹ እኔ መሆኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቀጥላ «አሁን እናት የሆነችኝን ሴት እጠራለሁ» አለች። ቀሚሴን አስተካክዬ ተነሣሁ። የጠራችው እርስዎን ነበር።

መቆምም መቀመጥም ስላቃተኝ፣ አንድ ነገር እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ ብዬ ወለሉን ዳበስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ደግ ሰው ናቸው፤ «ምን ጠፋብዎ እናቴ?» ብለው አብረውኝ ጎንበስ አሉ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችን ስንፈልግ ቆየን። እርስዎ መድረክ ላይ ልጄን አቅፈዋት ስለነበር ሳያዩን ቀርተዋል፤ አልቀየምም።

፬. ጸጉሯን እንደ እርስዎ አሳጥራ ተቆረጠች። ያንን ጸጉር ከልጅነቷ ጀምሮ ጉልበቴ መሀል አስቀምጬ የሠራሁት እኔ ነኝ። አምሮባታል። ይህንንም እያመመኝ ነው የምጽፈው።

፭. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጄ ሩቅ ከተማ የሚከፈተውን አዲስ ፋብሪካ እንድትመራ ተጠይቃለች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ የነገረኝ ግድግዳው ነው። «እናቴን ብቻዋን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?» ስትልዎ፣ እርስዎ «ፍርሃቱ የማን ነው? ያንቺ ነው ወይስ የእናትሽ?» ብለው ጠየቋት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ «የእኔ ነው» አልኩ፤ በሹክሹክታ ስለነበር ማንም አልሰማኝም። እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነበር። እንዴት እንደጠላሁዎ ብነግርዎ!

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ቀደምኩዎት። ሻይዋን ሳትጨርስ «ሂጂ» አልኳት።

«የት?» አለች።

«ፋብሪካሽ ነዋ! እኔን እንደ ዕቃ ተሸክመሽ ልትኖሪ ነው? ሂጂና ሥራሽን ሥሪ። የማይሆን ነገር ስታዪ ደግሞ ዝም እንዳትዪ» አልኳት።

ከእርስዎ ቀድሜ ደግ ምክር ስሰጣት የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ልጄ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ለእርስዎም ደወለች። «እናቴ ሂጂ አለችኝ፤ ተቀይማኝ ይሆን እንዴ?» ስትልዎ ሰማሁ። የእርስዎንም መልስ ሰማሁ፤ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አሏት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ምን እንደሚመስላት እያሰበች ነው። መሥሪያ ቤቷ ቁርጡን ንገሪን እያላት ነው። እኔ ደግሞ ድስት ባወረድኩ ቁጥር ፊቴን ታጠናብኛለች፤ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ እንባዬን የምጠርገው ዞር ብዬ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ዛሬ ስትደውልልዎ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ አይጠይቋት። «እናትሽ የምሯን ነው፤ ሂጂ» ይበሏት። እኔ ደጋግሜ ብነግራት አታምነኝም፤ ዝም በይ ያልኳት ሴት ነኝ። እርስዎን ታምናለች። ልጄን እንዲያሳምኑልኝ እርስዎን ደጅ መጥናቴ ምን ያህል እንደሚያንገበግበኝ መጽሐፍዎ ውስጥ የሚገልጽ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ በሁለተኛው እትም ቢያስገቡልኝ ደስ ይለኛል።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ጉሮሮዎ እንዲሻለው፣ የሰው ልጅ ከማሳደግ ለአፍታም ሥራ እንዳይፈቱ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣዎ፣

የልጅዎ ወላጅ እናት

ተጨማሪ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለማድረስ ትናንት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እንግዳ መቀበያው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁት ባለከዘራ አዛውንት ሴት የእርስዎ እናት መሆናቸውን የነገረችኝ ተቀባይዋ ናት። እርስዎ የእኔን ልጅ በስልክ ይዘዋት ስለነበር ሁለታችንም ቆየን፤ ሲታክተን ተደጋግፈን ወጣንና እኔ ቤት ገብተን ሻይ ጠጣን። ደኅና ናቸው፤ ምናልባት ከጠየቁ ብዬ ነው።