በአየር መልእክት ሲያደርሱ የኖሩት የአቶ ዋሲሁን ይርጋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋሲሁን ይርጋ ከአባታቸው ከአናጺው ከአቶ ይርጋ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ቢራቱ በ1946 ዓ.ም. በአጋሮ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው በማረፋቸው እንደ እናት ሆነው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ትምህርታቸውን በአጋሮና በጅማ ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. ወደ ጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል በመግባት የሬዲዮ ሙያ ሠለጠኑ። እህታቸው እንደሚሉት ግን ሙያውን የጀመሩት እቤት ነው። የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታተው መልሰው ሲገጥሙ ብሎን ተርፏቸው ነበር፤ ሬዲዮው ግን ከቀድሞው አብልጦ ይናገር ጀመር።

በ1974 ዓ.ም. ወደ ጀርመን መጥተው ኑሯቸውን በፍራንክፈርት አደረጉ። በፌኸንሃይም በሚገኝ ፋብሪካም ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2011 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ጥገና ሠርተዋል። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ያለምዘውድ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1982 ዓ.ም. ልጃቸውን ሃይሚን ወለዱ። ሃይሚ በልጅነቷ በአማርኛ ሲጠይቋት በጀርመንኛ ስትመልስ፣ አባቷ መስመሩ ተዛብቷል፣ ይደገም እያሉ አማርኛው እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር።

የአማተር ሬዲዮ ፈቃዳቸውን ያገኙት በ1981 ዓ.ም. በጀርመንኛ ተፈትነው ነው። ወዲያው በሕንጻው ምድር ቤት ባለው ኬለራቸው ውስጥ አምፕሊፋየር በእጃቸው ሠሩ። አምፕሊፋየር የሬዲዮን ደካማ ኃይል አጠንክሮ ባሕር የሚያሻግር መሣሪያ ነው፤ የእሳቸው ግን ባሕር ከመሻገሩ በፊት ጎረቤት ይገባ ነበር። አንድ እሑድ ወይዘሮ ያለምዘውድ እቤታቸው ከመዘምራን ጋር ሲለማመዱ፣ የባለቤታቸው ድምፅ በመዘምራኑ ስፒከር ገብቶ የሚሰማኝ ሰው አለ ወይ እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። የመዘምራኑ አለቃ አዎ፣ ሁላችንም ብለው መለሱ። አቶ ዋሲሁን ስላልሰሙ መጠየቃቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ ማጣሪያ ተገጥሞ በሕንጻው ሰላም ወረደ።

በዚያው ዘመን በከተማው ከነበረ ቶሚ ከሚባል አሜሪካዊ ወታደርና የሬዲዮ አማተር ጋር ተወዳጁ። በጎ ፈቃደኞች ከጦር ሜዳ የሚላክን የወታደር መልእክት ተቀባብለው ለቤተሰብ እንዴት እንደሚያደርሱ ያስተማራቸው ቶሚ ነው። ኋላም የእኛ የኢትዮጵያ ወታደሮች ስልክ በማይሠራበት በረሃ ለሰላም ማስከበር ሲሰማሩ፣ አቶ ዋሲሁን ከሚመለከተው ቢሮ ገኔሚጉንግ የሚባለውን ፈቃድ አውጥተው መልእክታቸውን ይቀበሉ ጀመር። የሥራው ሕግ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ የመልእክቱ ቁጥር፣ ከዚያ የላኪው ጣቢያ፣ ቀኑና የቃላቱ ብዛት ይነበባል፤ ቃሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጨመርም መቀነስም የለም። ቧንቧ ውሃውን አይቀምስም ይሉ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. በፍራንክፈርት የኡንተርሊደርባህ ሠፈር ነዋሪዋ የወይዘሮ መርሃዊት ልጅ በዚያ በረሃ ለቅኝት ወጥቶ ከነመኪናው ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። እናቲቱ እንቅልፍና ምግብ አጡ፤ አቶ ዋሲሁንም ክፉም ሆነ ደግ፣ የሰማሁትን እኔው አመጣልዎታለሁ ብለው ቃል ገቡላቸው። በጥር ወር አንድ ማለዳ ልጁ መገኘቱን የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸው። ስልክ አንስተው መናገር ሲችሉ፣ እንዲህ ያለ የምሥራች በስልክ አይነገርም ብለው የሥራ ባልደረቦቻቸውን አቶ ገብሩንና አቶ ፍስሃጽዮንን አስከትለው ገሰገሱ። ብርዱ ከባድ ስለነበር ሦስቱም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። በማለዳ ጥቁር የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ደጅ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ያልታያቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ መርሃዊት በሩን ከፍተው እንዳዩአቸው ልጄን ብለው ጮኹ። አቶ ዋሲሁን ደንግጠው ወረቀታቸውን አወጡና እንደ ሕጉ ከቁጥሩ ጀመሩ። ቁጥሩ ሲነበብ ለቅሶው በረታ፤ ቀኑ ሲነበብ የፎቁ ጎረቤቶች በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። የቃላቱ ብዛት ላይ ሲደርሱ አቶ ገብሩ ትዕግሥታቸው አልቆ ወረቀቱን ነጠቋቸውና፣ "ወይዘሮ መርሃዊት፣ ልጅዎ ደህና ነው!" አሉ። እናቲቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ብዙ ከሳቁና ካለቀሱ በኋላ፣ ታዲያ ምነው ከሁሉ በፊት እሱን አይሉኝም ብለው ወቀሷቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ዋሲሁን የምሥራች ሲያደርሱ ሕጉን ገልብጠው ደህናነቱን ያስቀድሙ ነበር፤ ወይዘሮ ያለምዘውድም ያለ ቀይ ሻርፕ ከቤት አያስወጧቸውም ነበር።

ያ ወታደር በ2009 ዓ.ም. ወደ እናቱ መጥቶ በማግስቱ ለምስጋና ወደ አቶ ዋሲሁን ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችለት ሃይሚ ናት። በ2010 ዓ.ም. ተጋቡ። ይህን ታሪክ የጻፈው እሱ፣ አማቻቸው ገናናው ነው።

አቶ ዋሲሁን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ71 ዓመታቸው የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ያለምዘውድን፣ ልጃቸውን ሃይሚን፣ አማቻቸውን ገናናውን፣ የልጅ ልጃቸውን ዩስቲናንና ታላቅ እህታቸውን ወይዘሮ ደብሪቱን ትተው አልፈዋል።

ከማረፋቸው በፊት አማቻቸውን ወደ አልጋቸው አስጠርተው፣ "አደራ፣ የእኔን ነገር ለእትዬ ደብሪቱ በስልክ እንዳትነግሯት። ሰው ሄዶ ይንገራት" አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል በአየር ሲልኩ የኖሩት ሰው ይህ አንዱ በእግር እንዲሄድ ፈለጉ። ገናናው አጋሮ ደርሶ የሠፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ በማለዳ ከደጃቸው ቆመ። ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ በአንድ አይተው ማንም ቃል ሳይተነፍስ ተረዱት። አልቅሰው ሲበቃቸው እጁን ያዙና፣ "እኔ የፈራሁት ሰው ሳይኖረው በሰው አገር ይሞትብኛል ብዬ ነበር። ይህን ያህል አገር አቋርጠህ መጥተህ ከነገርከኝ፣ ወንድሜ ሰው ነበረው" አሉት።

አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለእህታቸውና ለሁላችንም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።