ናፍጣ የጠጣው ፓምፕ

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት መልስ ሽንኩርቱን ላጠጣ ወረድኩ። ፓምፑ ሁለቴ አሳለና ዝም... ቤንዚን አልቋል። ወንድሜ ዳምጤ ቢኖር... የለም። እሱን በኅዳር ወባ ከወሰደብን ወዲህ ማሳው የኔ ነው። ቢያንስ እንደዚያ እያልኩ እፎክራለሁ።

እማዬ ዛሬም፣ «ማሳውን ለእኩል አራሽ ልስጠው። አንተ ተማር» አለች። ሽንኩርቱ ከደረቀ ትሰጠዋለች። «እሱ የተከለውን እኔ አደርሰዋለሁ!» ብዬ ልቆጣ ስል ድምፄ መሃል ላይ እንደ ጫጩት ጮኸ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ!

ጥር 15፣ ሐሙስ

ከክፍሌ ልጅ ከኳች ጋር ቤንዚን ፍለጋ። ጋምቤላ ከተማ ማደያው በጀሪካን አይቀዳም አሉን። መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ሰማይ ነክቷል። አጠገቡ ናፍጣ ረክሶ ተቀምጧል። ለምን? ቲቸር ቤርሳቤ ደግሞ ኬሚስትሪ ላይ ናፍጣ በሊትር ከቤንዚን የበለጠ ጉልበት አለው ብላናለች። ርካሽ፣ ደግሞ ብርቱ! ሕዝቡ እንዴት አላስተዋለም? አገር የሳተውን እኔ ትንሿ አቦቦ ቁጭ ብዬ ደረስኩበት።

«ይሄ ፓምፕ ናፍጣ ይጠጣል?» አለ ኳች።

«ሞተር ሞተር ነው» አልኩት። በዚህ በገዛ አፌ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

የገዛሁትን ናፍጣ ፓምፑ ውስጥ ሞላሁ። ገመዱን ጎተትኩ። ትንሽ ተነሣ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ሞተ። ጠፋ ልበል... ያንን ቃል አልወደውም።

ጭሱ ማሳውን ሸፈነው። ኳች ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «አንተ መልአኩ! ሽንኩርቱን እዚሁ ጠበስከው!»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ሆነ። ኳች ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረልኝ።

ጥር 18፣ እሑድ

የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። እማዬ አየችው። አንዷን ቅጠል ቀጥፋ ይዛት ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 19፣ ሰኞ

ቲቸር ቤርሳቤን የቤንዚን ሞተር ናፍጣ ቢሞላበት ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት። «እንዲሁ ለጠቅላላ እውቀት ነው» ብዬ። ሱሪዬ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«ፓምፕ ነው ጀነሬተር?» አለች።

«...ፓምፕ።»

የኔ ፓምፕ በካንዴላ ብልጭታ ነው የሚያቀጣጥለው። ናፍጣ የሚነደው ግን አየሩ በኃይል ታምቆ ሲግል ነው። ርካሽነቱስ? «በዓለም ገበያማ ብዙ ጊዜ የሚወደደው ናፍጣው ነው። ለጭነት ሁሉም ይሻማበታል» አለች። «እዚህ ግን የማደያውን ዋጋ መንግሥት ነው የሚወስነው። ናፍጣ ሲወደድ አውቶቡሱም፣ አይሱዙውም፣ ትራክተሩም፣ የጫኑት እህልም አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ሊይዘው ይሞክራል። መንገድ ዳር ደግሞ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ የሚሻሙት ቤንዚን ነው።»

«ናፍጣ አብሮ ለሚጫን፣ ቤንዚን ለብቻው ለሚሄድ ነዋ?»

«በለው እንግዲህ» ብላ ሳቀች።

እኔ ነኝ ያ ሰው። ብቻዬን ካላጠጣሁ የምል። የቤንዚን ኩራት፣ የናፍጣ ኪስ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ጎረቤታችን ጋሽ ሷሊህ ትልቅ የናፍጣ ፓምፕ አላቸው። የቦዩ ሰዎች ናፍጣ እያዋጡ በተራ ያጠጡበታል። ከቀብሩ በኋላ «ና ከኛ ጋር ግባ፣ ልጄ» ብለውኝ ነበር። እኔ ጀግናው፣ «ዳምጤ በራሱ ፓምፕ ነበር የሚያጠጣው» ብዬ መልሻቸዋለሁ። ዛሬ የተረፈችኝን ናፍጣ አንጠልጥዬ ሄድኩ።

«ጀሪካኑ ጎደለሳ? ማን ጠጣው?»

«ፓምፔ።»

«አላህ ያሽረው!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አካፋ ሰጡኝ። «በል ቦዩን ጥረግና ተራ ያዝ።»

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ከሰዓት ተራዬ ደረሰ። ቦዩን ከፈትኩ። ማንጎው ጥላ ሥር አረፍ አልኩ፣ ለአፍታ...

ስነቃ ፀሐይ ወርዳለች። እግሬ ጭቃ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ሞተር ጆሮዬ ሥር እየጮኸ! ጥሩ ገበሬ።

ሽንኩርቱ ግን ዳር እስከ ዳር ጠጥቷል። ኳች አካፋ ተደግፎ ቆሟል። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ቦዩን ትደፍናለች።

«ምነው አልቀሰቀሳችሁኝም?»

«ከኅዳር ወዲህ ስትተኛ ያየሁህ ገና ዛሬ ነው» አለች። ቀና አላለችም። በእጇ ጭቃውን መታ መታ አደረገች።

ከዚያ ፓምፑ ዘንድ ወደቆሙት ጋሽ ሷሊህ ዞረች። «የሚቀጥለው ተራችን መቼ ነው?»