የዱቄ ካርድ

ፊርዶስ፣
ወደ ሸቤ ተመድቤ ሄጃለሁ። ልነግርሽ ደጋግሜ ደውዬ ነበር።

የጥንቸላችን የዱቄ የጤና ካርድ ፍሪጁ ላይ ነው። የውሻ ካርድ ነው። ለጥንቸል የሚሆን ስላልነበራቸው ሐኪሙ «ውሻ» የሚለውን ሰርዞ «ጥንቸል» ብሎ ጻፈበት። የክትባቱ ቦታ ባዶ ነው ብለሽ እንዳትወቅሺኝ፤ ፈልጌ ለጥንቸል የሚሆን ክትባት አላገኘሁም። የእከኩን መርፌ ግን ተወግቷል፣ ቀኑ ተጽፏል።

ባዶው ቦታ ላይ ክብደቱን እየጻፍኩበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ገዢው ጋሽ ዳባ ጋ ውሰጂው። በዘንቢል አድርጎ በቡናው ሚዛን ይመዝንልሻል። የዘንቢሉን መቀነስ ስለሚረሳ አስታውሺው። «ኪሎው ሜቃ፣ ስንት ነው?» እያለ እንደሚገዛ ሰው ይቀልዳል፤ ሳቂለት፣ ደስ ይለዋል።

መብላት ካቆመ ነገ ይሻለዋል ብለሽ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። አደራ።

አሰንዳቦ እህትሽ ጋ በከረምሽበት ወር ኪሎው ወርዶ ታያለሽ። ሐኪሙ ምግብ ተቀይሮበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተቀየረም አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

አንቺ ስትመለሺ ወዲያው ወፈረ። ይኼም ካርዱ ላይ አለ።

እኔን የመዘነኝ የለም።

ናርዲ